ለደንበኞቻችን፦ የሰንጢና የኪስ መሣሪያ መደርደሪያችንን ለምን እንደ ቀየርን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ወደ መደብራችን ጎራ ያላችሁ እንዳያችሁት፣ ሰንጢዎችና የኪስ መሣሪያዎች የተደረደሩበት መስታወት መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ በአምራች ስምና በዋጋ ተራ ይቀመጡ የነበሩት ዕቃዎች አሁን የተቀመጡት በሚሠሩት ሥራ ነው። ለሾፌር የሚሆነው ለብቻው፣ ለአትክልት ነጋዴ የሚሆነው ለብቻው፣ ለወጥ ቤት የሚሆነው ለብቻው። አንዳንዶቻችሁ የለመዳችሁትን ዕቃ በቦታው ስታጡት ግራ ተጋብታችኋል፤ ጥያቄውም ስለ በዛ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት መርጠናል።

ሰንጢን ከሰንጢ ማወዳደር የሚቻለው ሁለት ነገር ሲታወቅ ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው በየቀኑ የሚቆረጠው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ስለቱ ሲደነዝ ባለቤቱ ራሱ ሊስለው መቻል አለመቻሉ ነው። ስሙ፣ የመሣሪያዎቹ ብዛትና የእጀታው ውበት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

በዓለም የታወቁት ሰንጢዎችም የተወለዱት ከአንድ ቁርጥ ያለ ሥራ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የስዊዘርላንድ ጦር በ1889 የተቀበለው ጠመንጃ ሲፈታ ካቻቪቴ ይፈልግ ነበር፤ ወታደሩም የቆርቆሮ ምግብ መክፈቻ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቪቴ በአንድ እጀታ እንዲገቡ ተደረገ። ካርል ኤልሰነር በ1884 ኢባክ በምትባል ቦታ የከፈተው ወርክሾፕ በ1891 እነዚህን ቢላዎች ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን የመኮንኖች ቢላ አስመዘገበ። የዚህ ቢላ ብልሃት ያለው አንዱን ሞላ ከሁለት ወገን ማሠራቱ ላይ ነው። ያው ሞላ በፊት በኩል ስለቱን፣ በጀርባ በኩል ወስፌውን ወይም የቡሽ መንቀያውን ይይዛል፤ ብዙ መሣሪያ በቀጭን እጀታ ሊገባ የቻለው በዚህ ነው። ያ ወርክሾፕ ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው ኩባንያ ነው።

ኦፒኔል የተጀመረው በ1890 በፈረንሳይ ሳቯ ተራሮች ነው። አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ ሌላ ምንም የለውም። ስለቱ እጅ ላይ እንዳይታጠፍ የሚቆልፈው ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው። ሌዘርማን ደግሞ በ1975 ባልና ሚስት በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞሩ ከገጠማቸው ችግር የመጣ ነው። ቲም ሌዘርማን ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ነበረው፤ መኪናዋ ግን የምትፈልገው ፒንሳ ነበር። ፒንሳ ያለው ሰንጢ ለመሥራት ዓመታት ለፍቶ የመጀመሪያውን በ1983 ለገበያ አቀረበ። የጅቡቲን መንገድ የሚያመላልሱ ደንበኞቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ሰውየው የት ቆሞ እንዳሰበው ወዲያው ይገባቸዋል።

ወደ አዳማ እንመለስ። ከዚህ ተነሥቶ አዋሽን የሚሻገር የከባድ መኪና ሾፌር የሸራ ገመድ ይቆርጣል፣ ሽቦ ይጠመዝዛል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል። ለእርሱ ፒንሳ ያለው መሣሪያ ይሻላል፤ ሌዘርማን ዌቭን የመሰለ። ነገር ግን 241 ግራም ይመዝናል፣ ኪስ ያወርዳል፤ ቀበቶ ላይ ወይም መኪናው ውስጥ ካልሆነ በቀር ከሳምንት በኋላ ቤት ይቀራል። ኤሌክትሪክ የምትሠሩ ደንበኞቻችንን በተለይ የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። የእነዚህ መሣሪያዎች እጀታ ባዶ ብረት ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መብራት ባለበት ሽቦ ላይ በፍጹም አትጠቀሙበት፤ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ እጀታ ያለው የሙያ ፒንሳ ያስፈልጋችኋል፣ እርሱንም ከጎኑ አስቀምጠንላችኋል።

ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት ማዳበሪያና ሲባጎ የሚከፍት ነጋዴ ደግሞ ፒንሳ አያስፈልገውም። የሚፈልገው ቀጭን፣ ቀላል፣ ቶሎ የሚሳል አንድ ስለት ነው። 33 አገልግሎት ያለው የቪክቶሪኖክስ ስዊስ ቻምፕ ድንቅ ዕቃ ነው፣ እኛም እንወደዋለን፤ 185 ግራም የሚመዝነውን ያን ወፍራም እጀታ ጨብጦ መቶ ማዳበሪያ መክፈት ግን እጅ ያደክማል። ለዚህ ሰው ስምንት ቁጥር ኦፒኔል ይበቃዋል። ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ክብደቱም ከ50 ግራም ብዙ አይርቅም። የእንጨት እጀታው ውሃ ከጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል፤ ያን ጊዜ በጥፍር ከመታገል የእጀታውን ጫፍ፣ ስለቱ የሚሽከረከርበትን ወገን ሳይሆን የኋላውን፣ ጠረጴዛ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ብትመቱት ስለቱ ብቅ ይላል። የሀዋሳ ደንበኞቻችን በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲያዘጋጁበት ይህ ስለሚያጋጥማቸው ለእነርሱ የፕላስቲክ እጀታ ያለውን እንመክራለን።

የወንጂን ሸንኮራ በሰንጢ የምትልጡ ደግሞ ጭማቂው የት እንደሚገባ ልብ በሉ። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ብሎን ሥር ሰርጎ ይደርቃል፣ የአዳማ አቧራ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሰንጢው ሲከፈት ይንቃጨላል። ብዙዎች ይህን ጊዜ የምግብ ዘይት ይጨምሩበታል። የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ችግሩን ያባብሰዋል። እጀታው እንጨት ካልሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱት ዝጉት፤ በደንብ አድርቁት፤ ከዚያ ስለቱና ሞላው በሚነካኩበት ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ምግብ ለማይነካ ሰንጢ የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል፣ ምግብ ለሚነካ ግን ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ፓራፊን ዘይት ተጠቀሙ።

ቁርጥ ለምትወዱ አጭር ምክር፦ ታጣፊ ሰንጢ ለጥሬ ሥጋ አይሆንም። ስቡ እጀታው ውስጥ ይገባል፣ በሚገባ ማጠብም ያስቸግራል። የማይታጠፍ ቢላ ግዙ።

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚነሣው ግን ስለ ብረቱ ነው። ስለቱ ላይ «የማይዝግ» የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። አይዝጌ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ነው። ማንኪያም ከአይዝጌ ይሠራል፣ ስለት ግን አይይዝም፤ ስለት የሚይዘው በቂ ካርቦን ኖሮት በአግባቡ በእሳት ሲጠነክር ነው። ብዙ ርካሽ ሰንጢ ላይ «440» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 440ኤ፣ 440ቢ እና 440ሲ የተለያዩ ብረቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ ካርቦን ሲኖረው የመጨረሻው ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ አለው። ፊደሉ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈ የምትገዙትን አታውቁም ማለት ነው።

የብረት ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው። የቪክቶሪኖክስ ስለት 56 ነው፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሚደርሱ ሰንጢዎችም አሉ። ስለ ሰንጢ አጥብቀው የሚያነቡ ወጣት ደንበኞቻችን ሁልጊዜ ከፍተኛውን ቁጥር ይጠይቁናል። ጠንካራው ስለት ረጅም ጊዜ እንደሚቆርጥ እውነት ነው። ሲደነዝ ግን በቤት ባለ ተራ ድንጋይ በቀላሉ አይሳልም፣ ጎን ለጎን ሲጠመዘዝም ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። እንደኛ አገር ጥሩ የመሳያ ድንጋይ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ በጥቂት ደቂቃ የሚሳል 56 ይሻላል እንላለን፤ በዚህ የማይስማሙን ደንበኞች እንዳሉ እናውቃለን፣ ለእነርሱም ጠንካራውን ከነድንጋዩ እናቀርባለን።

በዚህ አጋጣሚ በአዲሱ መደርደሪያ መካከለኛውን ቦታ የሰጠነው ለየትኛው እንደ ሆነ ንገሩን ያላችሁ አላችሁ። የሰጠነው የአገራችን አንጥረኞች ከጭነት መኪና ባሌስትራ ለሚሠሯቸው ቢላዎች ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ ሸክም ተሸክሞ እንዲተጣጠፍና እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ። ጥሩ አንጥረኛ እጅ ሲገባ ጥሩ ስለት ይወጣዋል። ዕቃውን ስንቀበል ስለቱን በብርሃን ፊት ይዘን ከጫፍ እስከ እጀታ እናየዋለን። ከጠርዙ ወደ ላይ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ብረቱ ግሎ ለማጠንከር ሲነከር ተሰንጥቋል ማለት ስለ ሆነ አንቀበለውም። ከዚያ በኋላ ሞረድ በጠርዙ ላይ ቀስ አድርገን እናስኬዳለን። ሞረዱ ነክሶ ከያዘ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ አንሸራትቶ ካለፈ ጠንክሯል። እነዚህ ቢላዎች ይዝጋሉ፤ ሎሚና ቲማቲም ሲነካቸውም ይጠቁራሉ። ጥቁረቱ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ከቀዩ ዝገት ትንሽ ይከላከላል፤ ቀዩን ግን ቶሎ አስወግዱ፣ ከታጠቡ በኋላም እርጥብ አታስቀምጧቸው።

ስለ መሳል የምንለው ብዙ ነው። በሞተር የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ቢላ የሚያስሉ ደንበኞች «አዲስ ሲገዛ ይቆርጥ ነበር፣ ከተሳለ በኋላ ግን በሁለተኛው ቀን ይደነዝዛል» ይሉናል። ጠርዙን ስናየው ሰማያዊ ነው። የካርቦን ብረት ሲጋጋል ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቢላ ሲሠራ ጥንካሬው የሚስተካከለው ግን ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰማያዊ የሆነው ጠርዝ ለስልሷል፣ ያ ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስም ስለት አይይዝም። ስለዚህ በመደብራችን የምንስለው በእጅ፣ በውሃ ድንጋይ ብቻ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ጠዋት የሰጣችሁንን ከሰዓት በኋላ እንድትወስዱ የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው።

በቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ፦ ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ይህ 90 ዲግሪ ነው። በግማሽ አዘንብሉት፣ 45 ሆነ። እንደገና በግማሽ፣ 22 አካባቢ ሆነ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ለኪስ ሰንጢ የሚስማማው ማዕዘን ላይ ናችሁ። ያን ማዕዘን ሳትለቁ አንዱን ጎን ሳሉ፣ በሌላው ጎን ጣታችሁን ከጀርባ ወደ ጠርዙ ስትስቡ በጥቂቱ የሚይዝ ቀጭን ጠርዝ እስኪሰማችሁ። ከዚያ ገልብጡት። በመጨረሻ የእጃችሁን ጫና እየቀነሳችሁ፣ ሁለቱን ጎን እያፈራረቃችሁ ሳሉና በቆዳ ላይ ወደ ኋላ አሹት። የወረቀት ጠርዝ ሳይቀድ ከቆረጠ ተስሏል።

የሌላ አምራች ስም የታተመባቸውን አስመሳይ ዕቃዎች ከመደርደሪያችን አውጥተናል። ርካሽ ሰንጢ መሸጥ ነውር የለውም፤ በራሱ ስም እስከ ተሸጠ ድረስ። አስመሳዩን መለየት ለምትፈልጉ እጀታው ላይ ካለው የስዊስ መስቀል ምልክት ይልቅ ሥራውን እዩ። ሁሉንም መሣሪያ ዝጉና በጀርባ በኩል ወደ ብርሃን አንሡት፤ በሞላዎቹና በብረት ገበታዎቹ (መሣሪያዎቹን በሚለያዩት ቀጫጭን ብረቶች) መካከል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ አሠራሩ ላላ ነው። ስለቱን ክፈቱና ወደ ግራና ቀኝ ነካ አድርጉት፣ መወዛወዝ የለበትም። ሲዘጋም ከሁለቱ ገበታዎች መካከል ሳይነካ መግባት አለበት።

ሰብሳቢ ደንበኞቻችን ሆይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኋላው ጠረጴዛ የእናንተ ነው። ገመድ፣ ካርቶንና ሸንኮራ እናቀርባለን፤ ሰንጢዎቻችሁን አምጥታችሁ ጎን ለጎን ፈትኗቸው። ስብስብ ለሚጀምር የምንመክረው አንድ መስመር መርጦ መያዝ ነው። ለምሳሌ የ1961 ሞዴል የስዊስ ወታደር ቢላ በስለቱ ሥር የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ታትመውበታል፤ በዓመት ተራ መሰብሰብ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። አሮጌ ሰንጢ ስታገኙ አታስወልውሉት፣ ምልክቱ ከዝገቱ ጋር ይፋቃል። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡም ከቆዳ ሰገባው አውጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከማልፋቱ የቀረው ኬሚካልም ብረትን ያዝጋል። የሞጆ ቆዳ ሰገባዎቻችን ለመሸከሚያ እንጂ ለማከማቻ አይደሉም።

ፍተሻ ወዳለበት ቦታ፣ ወደ ስብሰባ ወይም ወደ ስታዲየም ስትሄዱ ሰንጢያችሁን ቤት አስቀምጡት፤ በአውሮፕላን ስትጓዙም ወደ ጭነት ሻንጣችሁ አስገቡት እንጂ በእጅ ቦርሳ አትያዙት። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ወላጅ አንሸጥም።

ከአሰላ፣ ከመተሐራና ከሀዋሳ በአውቶቡስ የሚላኩልንን ቢላዎች ለመሳል እንቀበላለን። ስትልኩ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩት፣ ከላዩም «ስለት አለው» ብላችሁ ጻፉበት፤ ጥቅሉን የሚከፍተው ሠራተኛችን በባዶ እጁ ነው የሚቀበላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባለቤቶችና ሠራተኞች
አዳማ