ለትምህርት ሚኒስቴር የሥርዓተ ትምህርት ክፍል፦ ሲሙሌሽን እንደ ላብ ይቆጠርልን

ሰላም ለክቡራን፣

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ የምጽፍላችሁም ስለ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እና ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚያግደው) ምዕራፍ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ኢንተራክቲቭ ሲሙሌሽን (ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ራሱ እየነካካ የሚሠራው ሙከራ) "ጊዜ ከተረፈ አሳዩአቸው" መባሉ ይቅርና እንደ ማንኛውም የላብ ሥራ ክፍለ ጊዜም ማርክም ይያዝለት።

ለምን መሰላችሁ፣ አንዱን ተማሪ 12 ቮልት ባትሪ ከ4 ኦም ሬዚስተር ጋር ቢያያዝ ከረንቱ ስንት ነው በሉት፣ 3 አምፒር ይላችኋል ቁጭ አድርጎ። ከዛ ሁለት አንድ አይነት አምፖሎችን በሲሪስ (አንዱን ከአንዱ ቀጥሎ በአንድ መስመር) አያይዙና የትኛው የበለጠ ይበራል ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ "የመጀመሪያው ነዋ፣ ከረንቱ መጀመሪያ እሱ ጋ ስለሚደርስ ለሁለተኛው ትንሽ ነው የሚተርፈው" ነው የሚሉት፣ ሁለቱ ግን እኩል ነው የሚበሩት። ይሄ ልጅ እኮ የኦምን ሕግ (ከረንት = ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ) በቃሉ የሚያውቅ፣ ፈተናውንም በጥሩ ማርክ የሚያልፍ ልጅ ነው፣ ግን ከረንት መንገድ ላይ እየተበላ የሚያልቅ ነው የሚመስለው፣ ፈተናችን ደግሞ ቁጥር ከማስገባት በቀር ምንም ስለማይጠይቀው ማንም ሳያውቅበት ይዞት ይመረቃል።

እኛም ብንሆን ሲቸግረን ያንኑ የቧንቧ ውሃ ምሳሌ ነው የምንደግመው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ይፈሳል፣ ሽቦ ሲቆረጥ ምኑ ይፈሳል? ልጆቹ ይሄን ሲጠይቁ መልሱ በጥቁር ሰሌዳ አልመጣ ይላል።

ካርል ዋይማን የሚባለው የ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የሚባል ፕሮጀክት አለ፣ ሲሙሌሽኖቹ ነፃ ናቸው፣ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። የሰርኪዩቱን ስትከፍቱት ተማሪው ራሱ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያያይዛል፣ ኤሌክትሮኖቹ ሲሄዱ ይታያሉ። ከአምፖሉ በፊትና በኋላ አሚተር (የከረንት መለኪያ) ያስገባል፣ ሁለቱም ጋ አንድ ቁጥር። ሦስተኛ አምፖል በሲሪስ ሲጨምር ደግሞ ከአምፖሎቹ በፊት ያሉትም ኤሌክትሮኖች ሳይቀሩ ሁሉም እኩል ይዘገያሉ፣ እዚህ ጋ ነው "እንዴ?" የሚለው ድምፅ የሚሰማው። በፓራለል (እያንዳንዱን አምፖል በየራሱ መስመር ከባትሪው ጋር) ሲያደርገው ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ይጨምራል፣ ባትሪ ሁሌ አንድ አይነት ከረንት ነው የሚሰጠው ብሎ ያሰበ ሁሉ ያኔ ይነቃል። ሾርት ካደረጉት (የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ካገናኙት) ባትሪው እሳት ይነሳበታል (ይሄን ያገኙ ቀን ክፍሉን ዝም ማሰኘት አይቻልም፣ ግን ማንም ጣቱ አልተቃጠለም)። የሽቦ ሬዚስታንስ የሚያሳይም አለ፣ ርዝመቱን እጥፍ ሲያደርጉት ሬዚስታንሱ እጥፍ ይሆናል፣ የሽቦውን የተቆረጠ ገጽ ስፋት እጥፍ ሲያደርጉት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ፎርሙላው ላይ ያሉት ፊደሎችም አብረው ያድጋሉ ያንሳሉ።

ስክሪኑ ሁሉንም እውነት ያሳያል እያልኩ አይደለም። 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 1 አምፒር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ በሰከንድ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚንፏቀቁት፣ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 4 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ሰርኪዩቱ ሙሉ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ባንዴ ስለሚነሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሲሮጡ ነው የሚታየው፣ ይሄን መንገር የአስተማሪው ሥራ ነው። እውነተኛ ዕቃ ያለው ትምህርት ቤትም ዕቃውን ይጠቀም፣ ማንም አይከለክለውም። ዕቃ የሌለው ግን የተሻለ ነገር እስኪመጣ ብሎ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን እንዳያስቀምጥ ነው የምለው፣ በ2005 እዛው ኮሎራዶ የወጣ ጥናት ላይ እንኳ በዕቃ ፈንታ በሲሙሌሽን የተማሩት በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄም እውነተኛ ሰርኪዩት በመሥራትም በልጠው ተገኝተዋል።

አደራ የምላችሁ ግን አስተማሪው በፕሮጀክተር ብቻውን እየነካካ ልጆቹ እንደ ፊልም የሚያዩት እንዳይሆን ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ፣ ከመንካታቸው በፊት ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ይገምቱ፣ ከዛ ይሞክሩት፣ ማርኩ ግምቱ ልክ ስለሆነ ሳይሆን ለምን እንደተሳሳተ ስላስረዳ ይሰጥ። ፈተናው ላይም ቢያንስ አንድ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ይግባ፣ "ሁለት አምፖል በፓራለል ተያይዞ አንዱ ቢነቀል ሌላው ምን ይሆናል፣ ለምን?" አይነት።

የአስተማሪው መመሪያ ቀጣይ እትም ሳይዘጋ ይሄን እንድታዩት እጠይቃለሁ። የሙከራ ወርክሺቶች አዘጋጅቻለሁ፣ ካስፈለጋችሁ ወዲያው እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ አስተማሪ