አባባ፣ ላንድሮቨሯን አይሽጧት

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የባሕር ዳር ሙቀት ተስማምቶታል ብላ እህቴ ነግራኛለች፣ ደስ ብሎኛል። ደብረ ማርቆስ እንደሚያውቁት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምጽፈው በስልክ ያልጨረስነው ነገር ስላለ ነው። ስንነጋገር እርስዎ ቶሎ "ተይው እሱን ነገር" ይላሉ፣ እኔም እንዳላስቀይምዎት ዝም እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ልጆቹ ተጠያይቀን እንዘጋለን። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል።

አንድ የቁራሊዮ ነጋዴ ደውሎ "በኪሎ እወስዳታለሁ" እንዳለዎት ሰምቻለሁ። እርስዎም "ልጄ ገንዘቧን ብረት ላይ ከምትጨርስ ይውሰዳት" ብለዋል አሉ። አባባ፣ አይሽጧት። ለእኔ አስበው መሆኑን አውቃለሁ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ጤፉም እሳት ሆኗል። ግን ለልጆቼ ጉሮሮ የሚሆነውን አንድም ቀን ለመኪና አውጥቼ አላውቅም። ለእሷ የማውለው የቅዳሜ ከሰዓቴን ነው፣ ገንዘብ ሲተርፍ ደግሞ አንድ ዕቃ እገዛለሁ፣ ካልተረፈ ያለውን አጸዳለሁ። ሌላው ሰው ቅዳሜውን በሚያሳልፍበት ነገር አልፈርድም፣ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ስውል እጄ የሚናፍቀው መኪናዋ የቆመችበትን ያንን ዛኒጋባ ነው።

አሁን ያለችበትን ሁኔታ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ለበዓል መጥተው ከተመለሱ ወዲህ አላዩዋትም፣ የነገሩዎት ሰዎችም ኮፈኗን ከፍተው ያዩ አይመስለኝም። ሲሪስ ሁለት ኤ ናት። እንግሊዞቹ ይህን ሞዴል ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ነው የሠሩት። ቀፎዋ በአብዛኛው ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው። ላንድሮቨር መጀመሪያ በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ሲታይ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው፣ ስለዚህ አካሏን በአሉሚኒየም ሠሩት። ያ የችግር ጊዜ መላ ነው ዛሬ እኛን የጠቀመን። ስንት ክረምት ዘንቦባት በሮቿና ፓራፋንጎዎቿ አልዛጉም። አሉሚኒየሙ የተጎዳው ከብረት ጋር በተነካካበት ቦታ ብቻ ነው፣ ብሎኖቹ ዙሪያና የበሩ ማጠፊያ ሥር። ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ሲገባባቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። እሱን አጽድቼ በመሃላቸው ጎማ አስገብቼበታለሁ።

የሚያሳስበው ሻንሲው ነው፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከኋላ በክሪክ አንስቼ በግንድ ደገፍኳት። ክሪክ ብቻ አምኜ ከመኪና ሥር አልገባም፣ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በጀርባዬ ተኝቼ በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመታሁ ሄድኩ። ደኅና የሆነው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድብ ይላል፣ ዝገቱም ዓይን ላይ ይረግፋል። ድብ ያለው የኋላው ተሻጋሪ ብረትና ቀፎዋን ከሚሸከሙት ክንፎች ሁለቱ ናቸው። ሌላው ጤነኛ ነው። ሻንሲው ውስጡ ክፍት ሣጥን ስለሆነ በቀዳዳዎቹ ጭቃ ይገባል፣ ጭቃው እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከላይ ቀለም ቀብቶ "አማረች" ማለት ራስን ማታለል ነው። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ማውጣት፣ በአዲስ ወፍራም ላሜራ መበየድ፣ የውሃ መውጫዎቹን መክፈት፣ ከዚያ ውስጡን በፀረ-ዝገት ቀለምና በሰም መሙላት ነው። ብየዳውን ለባለሙያ ሰጥቼዋለሁ፣ እኔ አልደፍረውም። ከዚያ በፊት ግን ባትሪውን ነቅዬ ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ አወጣለሁ። የቤንዚኑ ሰልባትዮ ከወንበር ሥር ስለሆነ እሱ ሳይወጣ እሳት አያገኛትም።

ልጄ ባትሪ እያበራልኝ አብሮኝ ነበር። "እማዬ ይኼ ቢጫ ቁልፍና ይኼ ቀዩ ምንድን ናቸው?" አለኝ። እርስዎ ለእኔ እንደነገሩኝ ነገርኩት። ቢጫዋ ወደ ታች ስትጫን የፊቶቹም ጎማዎች ይሠራሉ፣ ቀይዋ ደግሞ ቆመው ወደ ኋላ ሲስቧት ጉልበት ትሰጣለች፣ ፍጥነት ትቀንሳለች። ከዚያ በብቸና በኩል ክረምት ላይ በመረሬው ስታልፉ የነበረውን አወራሁለት። በኤንትሬ የጭነት መኪና የሚመላለሱት ጓደኞችዎ ጭቃ ውስጥ ሰጥመው ሲያድሩ እርስዎ በቀይዋ ቁልፍ ቀስ ብለው ያወጧት እንደነበር። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት የሚያስገባ ሲንክሮ ስለሌላቸው ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ ካምቢዮው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጮህ። እኔ አሁንም እንደ እርስዎ አላስገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልምጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ እርስዎም ጭምር፣ "ካልተውሽው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ግጠሚባት" ትሉኛላችሁ። ምክንያታችሁ ይገባኛል። ቤንዚን ትጠጣለች፣ በአንድ ሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። የቶዮታ ዕቃ በየሱቁ አለ፣ የእሷን ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ማስፈለግ አለብኝ። እንደገናም ብሎኗ በኢንች ነው፣ በሚሊ ሜትር ኪያቬ ከነኩት ጭንቅላቱ ይበላል። ሁሉም እውነት ነው።

ግን አላደርገውም። አንደኛ፣ ሞተሯ አልሞተም። አራቱንም ሲሊንደር በግፊት መለኪያ ለካኋቸው፣ ተቀራራቢ ናቸው። 2286 ሲሲ ሞተር ናት፣ ለፍጥነት አልተሠራችም፣ ቀስ ብላ ለመጎተት ነው። ያ ጥቁር ጭስ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቆ ነው ሲባል ኖሯል። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ዘይት ሲያቃጥል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ሲበዛ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየኋቸው፣ ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ዘይት የለባቸውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ለቆላ በተለካ ቀዳዳ ቤንዚን ይለቃል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ካልቀነሰ በደንብ አይነድም። ስለዚህ ቤንዚኑን የምትለካውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለች ለወጥኩ፣ የካንዴላውን እሳት የሚቆርጡትን ነጥቦች ክፍተትና የእሳቱን ሰዓት አስተካከልኩ። አሁን ጠዋት በብርዱ በእጅ በሚዞረው ማኖቬላ እንኳ ትነሣለች። አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጌ ነው የምይዘው፣ አይስጉ፣ መልሳ ብትመታ እጄን አትሰብረውም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ያንን ሁሉ ማስለወጥ አለብኝ፣ የት ተገዛ፣ በምን ቀረጥ ገባ ይባላል። የማይታወቅ ሞተር ገዝቼ እዚያ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ሦስተኛውን እርስዎ "ስሜት ነው" ይሉታል፣ ይበሉት። ያንን ሞተር ድምፁን ሰምቼ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ አውቀው ነበር። "ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ትሠራለች?" ሲሉዎት ካቻቢቴውን ለእኔ የሰጡኝ ያንን ካርቡራቶር ስንፈታ ነው። ሞተሩን ካወጣሁት የቀረው ሌላ መኪና ነው።

ይህን ስል ምንም አልነካም ማለቴ አይደለም። አንዳንዶች አሮጌ መኪና ሲያድሱ ከፋብሪካ እንደወጣች ካልሆነች ሞተን እንገኛለን ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላምንም። ሰው የሚገድለውን ነገር "እንዲህ ነበር የተሠራው" ብሎ መተው ትክክል አይደለም። የምለውጠውም ፍሬኑን ነው።

የፍሬኗን ነገር እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። አራቱም ታምቡር ናቸው፣ የሚያገናኛቸው ደግሞ አንድ መስመር ነው። አንዷ ቱቦ ከፈነዳች የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ላይ እግር ፍሬን ላይ ከዋለ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቆማል። የፍሬኑ ዘይት አሮጌ ከሆነ ደግሞ የሰበሰበው ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እርስዎ በማርሽ ነበር የሚወርዱት፣ "የወጣሽበት ማርሽ ውረጂበት" ይሉኝ ነበር፣ ያ አሁንም ይሠራል። ግን በእርስዎ ልክ የሚነዳ ሰው የለም። ስለዚህ ከኋለኞቹ ላንድሮቨሮች ሁለት መስመር ያለውን የፍሬን ማስተር፣ ዘይቱን የሚገፋውን፣ እግርን ከሚያግዘው ሰርቮ ጋር እገጥምባታለሁ። አንዱ መስመር ቢሄድ ሌላው ይይዛል። የዚያው ቤተሰብ ዕቃ ስለሆነ ብዙ መቁረጥና መበየድ አያስፈልገውም። ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ እለውጣለሁ፣ አሮጌዎቹን አንዳቸውንም አልመልስም። የደኅንነት ቀበቶም ይገባል፣ ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ እንጂ ቀፎው አሉሚኒየም ላይ አይታሰርም።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ለእርስዎ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በዓሉን ልናሳልፍ ስትመጡ ወደ መኪናዋ ሊገቡ ሞክረው ጉልበትዎ እምቢ ብሎ የተመለሱትን አይቻለሁ። ምንም አላልኩም፣ እርስዎም "ደክሞኛል" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ወለሏ ከፍ ያለ ነው። ከበሩ ሥር ከሻንሲው ጋር የሚታሰር መርገጫ አስለክቻለሁ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጭቃ እንዳያንሸራትት ፊቱ በጥርስ ላሜራ የተሸፈነ። በሩ ውስጥ በቀኝ እጅዎ የሚይዙት እጀታም ይኖራል። ከፋብሪካ አብሮ አልወጣም የሚል ካለ ይበል።

አሁን የምፈልገው ከእርስዎ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀለሟ ነው። የበሩን ማጠፊያ ፈትቼ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ነጭ ወጣ፣ ከነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ጥቁር አረንጓዴ። ነጩ የእናንተ መሥሪያ ቤት እንደነበር ገምቻለሁ። በጨረታ ሲገዟት የትኛው ነበረች? ሰማያዊውን ማን ቀባው? እኔ አረንጓዴውን ብመርጥ ደስ ይለኛል፣ ግን እርስዎ የነዷት ነጭ ሆና ከሆነ ነጭ ትሆናለች፣ አልከራከርም።

ሁለተኛው ሊብሬው ነው። ባሕር ዳር ሲሄዱ የእንጨቷን ሣጥን ይዘው ነው የሄዱት፣ ከቤቱ ካርታና ከጡረታ ደብተርዎ ጋር እዚያ ውስጥ መሆን አለበት። ያለ እሱ ቦሎ አላገኝም፣ ቦሎ ከሌለ ከዛኒጋባው አልፋ አትሄድም። ለእህቴ ይስጧት፣ እሷ በሚታመን ሰው ትልክልኛለች። ለነጋዴው ግን እንዳይሰጡት፣ እባክዎ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ቀለሙን ያኔ ይንገሩኝ፣ እስከዚያ አልገዛም።

ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ።

ልጅዎ
ከደብረ ማርቆስ