ቅኔ ቤት ላደገው ወዳጄ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነውና ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ ሳይሆን፣ ካንተ በቀር ለማንም የማላነሣው ጥያቄ ስለገጠመኝ ነው።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት የአንዲት ተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈውን ይለያል ለሚባል ፕሮግራም ሰጠሁት። «የማሽን ሥራ ነው» አለኝ፤ አምኜው ዜሮ ሰጠኋት። በማግሥቱ ቢሮዬ መጣችና አንድም ቃል ሳትናገር ሦስት ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በእርሳስ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ኅዳጉ ላይ እንደገና ተጽፏል፤ አንዳንዱ ገጽ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ውጤቷን ወዲያው አስተካከልሁ፤ ኀፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ሰባት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ፈትነው እንደነበር ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች ውስጥ፣ ፕሮግራሞቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ብለውታል። የሚመዝኑት ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመት ነውና፣ በተማረው ቋንቋ የሚጽፍና የተለመዱ ቃላትን የሚመርጥ ሰው በከንቱ ይወነጀላል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በዚያው ዓመት ሐምሌ አንሥቶታል። የእኛ ልጆች ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አብዛኛውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው።

ማሽኑን ጠልቼ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ቴክ፣ ጂል ዋትሰን የተባለ ፕሮግራም እንደ ረዳት መምህር ሆኖ የተማሪዎችን ተደጋጋሚ ጥያቄ ሲመልስ፣ አብዛኞቹ ሰው አለመሆኑን አላወቁም ነበር። እኔም እንዲህ ያለ ረዳት ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ከተማሪዎቼ ጋር የምነጋገርበት ሰዓት ይተርፈኛልና።

የቸገረኝ ምዘናው ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግራችን ስንወርድ ስለ ቅኔ ቤት የነገርኸኝን አስታወስሁ፦ ተማሪው ብቻውን ዱር ወርዶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያሰናዳል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም እያቃና ያሳልፈዋል፤ የተነገረ ቅኔ ደግሞ አይደገምም። ስለዚህ ከሚመጣው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ጽሑፍ ተቀብዬ ብቻ ላላበቃ፣ እያንዳንዱን ተማሪ ለሩብ ሰዓት ፊቴ አስቀምጬ ስለጻፈው ልጠይቀው ቆርጫለሁ። ለሠላሳ ተማሪ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ነገር ግን ያቺ ልጅ ዝምተኛ ናት። ያን ቀን እንኳ የተናገሩላት ደብተሮቿ ናቸው፤ ፊቴ ተቀምጣ ቃል ቢጠፋባት ሁለተኛ ልበድላት ነው። የኔታ እያወቀ አፉ የሚተሳሰርበትን ልጅ እንዴት ነበር የሚያዳምጡት? ይጠብቁት ነበር? ወይስ ማታ ለብቻው ይጠሩት ነበር? የምታስታውሰውን ሁሉ ሳታሳጥር ጻፍልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ