ስለ «የማልታው ጭልፊት» እኔም የምለው አለኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የመዝናኛ ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ማን ሠራው፣ ስንት አስገባ ትሉናላችሁ፤ ደግ ነው። ስለ አሮጌዎቹ ግን ትንፍሽ አትሉም። ወጣቱም ጥቁርና ነጭ ምስል ገና ሲያይ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ይጀምራል። እስቲ ዛሬ ለአንዱ አሮጌ ፊልም ጥብቅና ልቁም። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው «የማልታው ጭልፊት» ነው። ፊልም ኑዋር ሲነሳ፣ ማለትም ያ ጥላ፣ ወንጀልና ክህደት የሞላበት የአሜሪካ ፊልም ሲነሳ፣ ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝናው አይደለም። ተመልካቹን ሳያጭበረብር እስከ መጨረሻው አንጠልጥሎ መያዙ ነው።

ታሪኩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ሳም ስፔድ የሚባል የግል መርማሪ አለ። አንዲት ቆንጆ ሴት ቢሮው መጥታ፣ እህቴ ከአንድ ሰው ጋር ጠፋችብኝ፣ ሰውየውን ተከታተሉልኝ ትላለች። የስፔድ ሸሪክ ማይልስ አርቸር እኔ እሄዳለሁ ብሎ ይወጣና በዚያው ሌሊት ተተኩሶበት ይሞታል። ከዚያማ ጉድ ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ በእንቁ ተለብጣለች የምትባል አንዲት የጭልፊት ሐውልት ፈላጊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁሉም ይዋሻል። ሴትየዋ ስሟን እንኳ ዋሽታለች።

አሁን ካሜራውን ልብ በሉ። ከስፔድ አይለይም። እሱ የሌለበት ክፍል ውስጥ እኛም የለንም። አርቸር የሚገደልባት አጭር ትዕይንት ብቻ ናት እሱ ሳይኖር የምናያት፤ እሷም ብትሆን ሽጉጡን እንጂ ገዳዩን አታሳየንም። ስለዚህ የሚነገረውን ውሸት ሁሉ ከስፔድ እኩል እንሰማለን፣ ፍንጩም ከእሱ እኩል ይደርሰናል። ከኋላችን የተደበቀ ነገር የለም። እሱ የሚያስበውን ግን አይነግረንም። ሌሎች ብዙ የኑዋር ፊልሞች ላይ ዋናው ሰውዬ በድምፁ ይተርካል፣ ይሄኔ እንዲህ ተሰማኝ ይላል። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ፊቱን እያየህ ራስህ ድረስበት ነው ነገሩ።

የአርቸር መሞት የሚሰማበትን ቦታ ውሰዱ። ሌሊት ነው፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። ስልክ ይጮኻል። ከስልኩ ጀርባ መስኮትና ንፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ ይታያል። አንድ እጅ መጥቶ ስልኩን ይወስዳል፤ ካሜራው ግን እጁን አይከተልም፣ እዚያው ቆሞ ድምፁን ብቻ ያሰማናል። የሸሪኩን ሞት የሚረዳ ሰው ፊት አናይም! ዛሬ ቢሆን ካሜራው አፍንጫው ሥር ገብቶ፣ ሙዚቃው አልቅሱ አልቅሱ እያለ፣ ምን እንደሚሰማን ሳይቀር ይመርጡልን ነበር። እዚህ ግን አዘነ አላዘነ ሳናውቅ እንቀራለን። በማግስቱ ደግሞ የአርቸር ስም ከቢሮው መስኮት ላይ እንዲነሳ ያዛል። ከሟች ሚስት ጋርም ነገር ነበረው። እና ይሄ ሰው ጥሩ ነው መጥፎ? ጥያቄው ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አይለቅም።

ሌላም ቦታ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው። ጭልፊቷን የሚያሳድደው ጋትማን የሚባል የሰማይ ስባሪ የሚያህል ሰው ነው። ስፔድ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ይነጋገሩና አይግባቡም። ስፔድ በንዴት ይጮኻል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ የሰዓት ገደብ ሰጥቶ በሩን ደርግሞ ይወጣል። እኛም አበደ እንላለን። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግን ፈገግ ይላል፤ ለካ ቁጣው የውሸት ነበር። ቀጥሎ እጁን ያያል። እጁ ይንቀጠቀጣል። እንደገና ፈገግ ይላል። አንድም ቃል አይናገርም። እሳት የላሰ ተዋናይ መሆኑንም፣ ከልቡ መፍራቱንም በጥቂት ሰከንድ ጨረሰው። ሊፍቱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከጎኑ ካለው ሊፍት ሌላው ተንኮለኛ፣ ጆኤል ካይሮ፣ ይወጣል። አይተያዩም። ከአርቸር ግድያ ሌላ ስፔድ ያላየውን ያየነው እዚያች ላይ ነው፣ ለአፍታ።

ስፔድን የሚጫወተው ሃምፍሬይ ቦጋርት ነው። ሚናው መጀመሪያ የተሰጠው ለጆርጅ ራፍት ነበር፤ እምቢ አለ። ቦጋርት እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ወንበዴ ሆኖ የሚሞት ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን ሂውስተንም ፊልም ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነበር፣ እያንዳንዱን ሾት አስቀድሞ በወረቀት ስሎ ነው ወደ ቀረጻ የገባው። ፊልሙ የተወሰደበትን የዳሺየል ሃሜትን ልብ ወለድ ይሄንኑ ፊልም የሠራው ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ በ1931 እና በ1936 ሁለት ጊዜ ፊልም አድርጎት ነበር፣ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ሂውስተን ያደረገው ወደ መጽሐፉ መመለስ ነው፤ ንግግሮቹን በብዛት እንዳሉ ወሰዳቸው። ሃሜት ራሱ ፒንከርተን በሚባለው ድርጅት መርማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ስለሆነ ወሬው ከሥራው የመጣ ወሬ ነው።

ጋትማን የሆነው ሲድኒ ግሪንስትሪት ደግሞ ዕድሜውን በቲያትር መድረክ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በ61 ዓመቱ የመጀመሪያ ፊልሙ ይሄ ሆነ፣ ለኦስካርም ታጨ። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ስለሚያየው ሆዱ ምስሉን ይሞላዋል፣ እሱም እየሳቀ በጨዋ ቋንቋ ያስፈራራል።

ገንዘብ አጠረን ለሚሉ የአገራችን ፊልም ሠሪዎች አንድ ነገር ልበል። ይሄ ፊልም አብዛኛው ያለው ቢሮ፣ መኖሪያ ቤትና ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። የመኪና ግጭት የለም፣ ቤት አይቃጠልም። ሳሎን ውስጥ መቅረጽማ የእኛም ልማድ ነው፤ የሚጎድለን ሳሎኑ ውስጥ ማን እንደሚዋሽ ማወቅ ነው።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ገና ሲጀመር በጽሑፍ የሚወጣው ማብራሪያ በ1539 የማልታ ቴምፕላር ባላባቶች ለንጉሥ ቻርልስ አምስተኛ የወርቅ ጭልፊት ላኩ ይላል። ቴምፕላሮች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ዘመን ወታደር መነኮሳት ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈርሰዋል። ማልታን የያዙት ሆስፒታለሮች የሚባሉት ሌላ እንዲህ ያለ ማኅበር ናቸው፣ የዓመት ግብራቸውም በሕይወት ያለች ጭልፊት ነበረች። ሴቶቹን የሚያይበት ዓይንም ያስቀይመኛል። ከስፔድ ጸሐፊ ከኤፊ በቀር እምነት የሚጣልባት ሴት የለችም፤ እሷንም ሲጋራ እያስጠቀለለ ያዛታል።

ፊልሙ ሰማንያ ዓመት ስላለፈው መጨረሻውን ብናገር አትቀየሙኝ። ጭልፊቷ ትገኛለች። ጋትማን በቢላ ይፍቃታል፣ ይፍቃታል፤ ተራ የእርሳስ ብረት ሆና ትገኛለች። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ! ሰውየው ተዝለፍልፎ ይወድቃል ስትሉ፣ ይስቃል። 17 ዓመት ፈልጌያታለሁ፣ አንድ ዓመት ብጨምር በመቶኛ ሲሰላ ይሄን ያህል ብቻ ነው ብሎ እዚያው ቆሞ ያሰላል። ስግብግብነትን በስብከት ሳይሆን በሒሳብ ሲያሳዩኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ስፔድም ሴትየዋን፣ እየወደዳትም ይሁን እየመሰለው፣ ሸሪኬን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብሎ ለፖሊስ ይሰጣታል። ሊፍቱ ሲዘጋ የበሩ ብረት ጥላ ፊቷ ላይ ያርፋል። እስር ቤት ማሳየት አላስፈለጋቸውም። ይወዳት ነበር ወይ ለሚለው፣ እኔ አዎ ባይ ነኝ። የማይወዳት ቢሆን ያን ሁሉ ምክንያት መደርደር ባላስፈለገው ነበር። ሚስቴ ግን አይደለም፣ ራሱን ብቻ ነው የሚወደው ትላለች፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ለማየት ካሰባችሁ አንድ አደራ። በ1980ዎቹ ቀለም የተቀባ ቅጂ ወጥቷል። ሂውስተን ራሱ በሕይወት እያለ ተቃውሞታል፤ ትክክልም ነበር። ያ ሁሉ ጥላ የተሠራው ለጥቁርና ነጭ ነው። ባለ ቀለሙን ካገኛችሁት እለፉት፣ ዋናውን ፈልጉ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ