ጭድ የተነጠፈበት የሚላን ጎዳና

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ሚላን ከተማ ባወጣችሁት የጉዞ ጽሑፍ «ግራንድ ሆቴል ኤ ደ ሚላን» በአንድ መስመር፣ ያውም በኪራዩ ውድነት ብቻ ተጠቅሶ ማለፉ ቅር ስላሰኘኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ዋጋውን ማንም ከስልኩ ላይ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1863 የተከፈተው ይህ ሆቴል ለላ ስካላ ኦፔራ ቤት ቅርብ በመሆኑና በዘመኑ ብርቅ የነበረውን የፖስታና የቴሌግራፍ አገልግሎት በመያዙ ነጋዴውንም ዘፋኙንም የሚያሳድር ቤት ሆነ። ጣሊያናዊው የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲ ጁዜፔ ቬርዲ ከ1872 ጀምሮ ሚላን ሲመጣ ያርፍበት የነበረው እዚሁ ነው። (በግብፅ ስለተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚተርከው «አይዳ» የተባለው ኦፔራው ላ ስካላ ላይ የታየውም በዚያው ዓመት ነበር።) በ1887 «ኦቴሎ» የተባለው ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ምሽት ሕዝቡ ፈረሶቹን ፈትቶ የቬርዲን ሠረገላ በገዛ ጉልበቱ እየጎተተ እስከ ሆቴሉ ደጅ አድርሶታል።

ጃንዋሪ 21 ቀን 1901 የ87 ዓመቱ ቬርዲ በክፍሉ ውስጥ ልብስ ሲለብስ ስትሮክ መታው። እስከሞተበት እስከ ጃንዋሪ 27 ድረስ የሠረገላ መንኮራኩርና የፈረስ ኮቴ እንዳይረብሸው በሆቴሉ ፊት ባለው በማንዞኒ ጎዳና ላይ ጭድ ተነጠፈ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሆቴል ሌት ተቀን ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ሆኖ ሳለ፣ ለአንድ እንግዳ ሲባል መንገዱ ራሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ግን፣ አፕሪል 11 ቀን 1902፣ ከዚያው ሆቴል አንድ ክፍል ሌላ ድምፅ ወጣ። የ29 ዓመቱ የኦፔራ ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩሶ የሙዚቃ ሸክላ ከሚያወጣው ከግራሞፎን ኩባንያ ለመጣው ለፍሬድ ጋይስበርግ 10 ዘፈኖችን በ100 ፓውንድ አስቀረጸ። ዘፈን በማይክሮፎን መቅረጽ ገና ስላልተጀመረ ወደ ትልቅ ጡሩምባ አፍ ተጠግቶ ይዘፍን ነበር፤ የድምፁም ንዝረት በመርፌ አማካይነት በሰም ላይ ይቀረጽ ነበር። ሸክላ መጫወቻ ነው ብለው ይንቁት የነበሩ ዘፋኞች ከዚያ በኋላ ራሳቸው ወደ ጡሩምባው መጠጋት ጀመሩ።

ጽሑፋችሁ ሕንፃው «እንደ ጥንቱ ሳይነካ የቆየ» ነው ማለቱም መታረም ይገባዋል፤ በ1943 የአየር ድብደባ ተጎድቶ የታደሰ ሆቴል ነው። ቬርዲ ያረፈበት 105 ቁጥር ክፍል ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ