የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከሕዋሱ ይልቅ የደም ሥሩ

ክበባችን እንደ ልማዱ ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፤ ስለዚህ ጉዳይ የምጨምረው የለኝም። ዓመቱን የወሰደብን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያነሳችው ጥያቄ ነው፦ «ሕዋስን ከሰውነት ውጭ ማራባት ከተቻለ፣ ጉበት ተሠርቶ ለሕመምተኛ ለምን አይሰጥም?»

መልሱን ከመንገር ማሳየት መረጥን። አሲድ ሲነካው ሮዝ ቀለሙን በሚያጣው ፌኖልፍታሊን የቀላ አጋር የተባለ ጄሊ መሰል ነገር በትንንሽና በትልልቅ ኩብ ቆርጠን ኮምጣጤ ውስጥ ነከርን። ትንንሾቹ እስከ ውስጣቸው ነጡ። ትልቁን ስንሰነጥቀው ግን መሃሉ ሮዝ እንደሆነ ነበር፤ አሲዱ ገና አልደረሰበትም። ኦክስጅንም በሕዋሳት መካከል የሚሰርገው እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው። አብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ ካፒላሪ ከሚባለው ቀጭን የደም ሥር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ አይርቅም። ከዚህ የወፈረ ሥጋ ያለ ደም ሥር ቢሠራ መሃሉ ይሞታል።

ካፒላሪን ለማየት ከቦዬ ረግረግ ጭራዋን ገና ያልጣለች ትንሽ እንቁራሪት አምጥተን ጭራዋን በማይክሮስኮፕ ተመለከትን፤ በዚያው ቀንም መልሰናታል። ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ በአንድ ተሰልፈው ሲያልፉ ያየ ተማሪ ተራውን ለሌላው መልቀቅ አልፈለገም። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ማልፒጊም እ.ኤ.አ. በ1661 ካፒላሪን ያገኘው በእንቁራሪት ሳንባ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ደም እንደሚዘዋወር ሲያስረዳ፣ ከልብ የሚወጣውንና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም የሚያገናኘውን ይህን ቀጭን ሥር አላየውም ነበር።

ተመራማሪዎች የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ሕዋሳት በብዛት የሚያገኙት ከሕፃናት እትብት ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ተንጫጫ፤ እትብት የሚቀበር እንጂ ለምርምር የሚውል አይደለም ባዮች በዙ፤ ክርክሩም የዕለቱን ሰዓት በላው። እኔ አልከለከልኳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪዎቹ ፎክማንና ሃውደንሺልድ እንዳሳዩት፣ የካፒላሪ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ ሲያድጉ ማንም ሳይሠራቸው ራሳቸው ቱቦ ይሆናሉ። ኦክስጅን ያጠረው ህብረ ሕዋስም ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን እያመነጨ የደም ሥር ወደ እርሱ እንዲያድግ ይጠራል። እንግዲህ ቱቦ መሥራቱ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ አስቸጋሪው ማቆየቱ ነው። ከውጭ የሚደግፉት ሕዋሳት ከሌሉና ፈሳሽ ካላለፈበት ቱቦው ይፈርሳል፤ ከሕመምተኛው የደም ሥር ጋር ካልተገናኘም ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የዎርሴስተር ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች የስፒናች (ቆስጣ መሰል አትክልት) ቅጠልን ሕዋሳት አጥበው አስወግደው፣ የቀሩትን የቅጠሉን ቀጫጭን ቱቦዎች (ሥሮች) በሰው የደም ሥር ሕዋሳት ሸፈኑ፤ በላዩ ያኖሩት የልብ ጡንቻ ሕዋስም መታ። እኛ ከገበያ ቆስጣ ገዝተን በፈሳሽ ሳሙናና በጥቂት በረኪና ዘፈዘፍን (በረኪናውና ኮምጣጤው በአንድ ቀን አብረው ከመደርደሪያ እንዳይወርዱ ቁልፉን እኔ ይዤ ነበር፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል)። አብዛኛው ቅጠል በሰበሰ። አንዱ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ገርጣጣ ሆነ፤ ግንዱን ቀይ ቀለም ውስጥ ስናቆመው ቀለሙ በሥሮቹ ወጣ። ሕዋስ ልንዘራበት አንችልም፤ ንጹሕ ክፍልም የሙቀት መቆጣጠሪያም የለንም። ተማሪዋ የጠየቀችው ጉበት ግን የሚጎድለው የደም ሥር እንደሆነ ታወቀ።

ቅጠሉ በወላጆች ቀን ታይቷል፤ አሁን በአልኮል ውስጥ በቤተ ሙከራው ይገኛል። ለመጪው ዓመት ከአስተዳደሩ የጠየቅነው ፈሳሽን በዝግታ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ነው።