ሊፍቱ ያለው በማዶኛው ኮረብታ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ናጋሳኪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ዓይኔን ስላላመንኩ ነው። ስለ ወደቡ ውበትና ስለ ትራሙ የተባለው ይሁን፤ አልከራከርም። ያንገበገበኝ በሦስተኛው አንቀጽ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነዋሪው ዛሬ በነጻ ሊፍት ስለሚወጣ የሆላንዶች ዳገት ለጎብኚ ብቻ ቀርቷል ይላል።

ሊፍቱና ዳገቱ አንድ ቦታ አይደሉም! ኦራንዳ ዛካ የሚባለው የሆላንዶች ዳገት ያለው ሂጋሺ ያማቴ በተባለው የምሥራቁ ኮረብታ ነው። በ2002 የተከፈተው ሊፍት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኢሺባሺ የትራም ጣቢያ አጠገብ ተነሥቶ የሚወጣው በማዶው፣ በሚናሚ ያማቴ በኩል ነው። ሁለቱን ኮረብታዎች በእግሩ የሞከረ ሰው ይህን አይስተውም። ጸሐፊያችሁ ከየትኛው መኪና መስኮት ሆኖ ነው ያያቸው?

ሆላንዶች ኖረውበታል የተባለውም ስሕተት ነው። ሆላንዶች ከ1641 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተቀመጡት ታች ባሕሩ ዳር፣ ደጂማ በምትባል በሰው እጅ በተሠራች ትንሽ ደሴት ላይ ታጥረው ነው። ወደቡ በ1859 ለውጭ ንግድ ሲከፈት ኮረብታው ላይ ቤት የሠሩት እንግሊዞች፣ አሜሪካውያንና ሌሎችም ናቸው። እኛ ከየትም ይምጣ «ፈረንጅ» እንደምንለው ሁሉ፣ የናጋሳኪም ሰው ነጩን በሙሉ «ኦራንዳ ሳን» ይል ስለነበር ስሙ ዳገቱ ላይ ቀረ። ስም አውጪው የአገሩ ሰው ነው። ጽሑፋችሁ ግን ያንኑ ሰው ከዳገቱ ላይ አንሥቶ ሊፍት ውስጥ ከተተው።

እኔ ለትምህርት ሄጄ አራት ዓመት እዚያች ከተማ ኖሬያለሁ። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ዳገት አይበግረኝም ብዬ ነበር። ያከራየኝ ደላላ ቤቱ ከትራሙ አምስት ደቂቃ ነው አለኝ፤ አምስት ደቂቃው የመውረጃው ነበር። ናጋሳኪ ተራራው እስከ ባሕሩ አፍ የወረደባት ከተማ ናት። ያለችው ጥቂት ሜዳ ለወደቡ፣ ለመርከብ ፋብሪካውና ለትራሙ አለቀች፤ ሰዉ ወደ ላይ ሠራ። በእኔ ሰፈር ሊፍት ቀርቶ መኪና የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ሁለት መቶ ያህል የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አንዳንዱ ከአንድ ሰው ትከሻ እምብዛም አይሰፋም። በብርዱ ወራት ለማሞቂያ የሚሆነውን ነጭ ጋዝ በ18 ሊትር ጀሪካን የምወጣው እየቆምኩ፣ እጅ እየቀያየርኩ ነበር። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከዳገቱ ቁልቁለቱ ይብሳል። በጃፓንኛ ለሁለቱም «ሳካ» የሚል አንድ ቃል ነው ያላቸው፤ ጉልበቴ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከእኔ በላይ አንዲት አረጋዊት ይኖሩ ነበር። በልቤ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። በግራና በቀኛቸው ያሉት ቤቶች ባለቤቶቻቸው ሜዳ ፍለጋ ትተዋቸው ወርደው፣ ጣሪያቸውን ሐረግ ውጦታል። እማማ ከቤት ሲወጡ በቀኝ እጃቸው ብቻ የሱፍ ጓንት ያጠልቃሉ፤ የብረቱ መደገፊያ ስለሚቀዘቅዝ ነው። የጓንቱ መዳፍ ብረቱን ሲጨብጥ ኖሮ ክሩ ሳስቶ፣ ቆዳቸው በመሐሉ ይታይ ነበር። ዳገቱን ሲያማርሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። ኦገስት 9 ቀን 1945 ቦምቡ ኡራካሚ ሸለቆ ላይ ሲፈነዳ ከኮረብታ ጀርባ የነበሩ ሰፈሮች ከከፋው የተረፉት ኮረብታዎቹ ስለጋረዷቸው ነው፤ ለዚህ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ሌሊት ታመሙ። የአምቡላንሱ ሰዎች መኪናቸውን ከታች አቁመው በእግር መጡ፤ በቃሬዛ አሥረው፣ የፊተኛው እጁን ከፍ፣ የኋለኛው ዝቅ እያደረገ፣ እየተጠራሩ አወረዷቸው። እኔ ቦርሳቸውንና ያችን ጓንት ይዤ ተከተልኩ። በእርግጥ ማዘጋጃ ቤቱ በጥቂት ሰፈሮች ለነዋሪው ትንሽ ባለሐዲድ ወንበር ተክሏል። የእኛ ሰፈር ከጥቂቶቹ አልነበረም።

ታዲያ ነዋሪው በሊፍት ይወጣል ያላችሁት የትኛውን ነዋሪ ነው? እማማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ሲመለሱ ወደ ቤታቸው የወጡት በእግራቸው ነው። በየሃያው ደረጃ እየቆምን፣ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ደጃቸው ስንደርስ ጓንቷን አውልቀው አጠፏትና ለእኔ ሻይ ለማፍላት ገቡ።

እርማቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

የቀድሞ የናጋሳኪ ነዋሪ
ከአዲስ አበባ